ካፌን፣ ምግብ ቤትንና በርጫ ቤትን ከትምባሆ ጭስ ነፃ ማድረግ፦ ለድሬዳዋ ባለ ንግድ ቤቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። ካፌው፣ ምግብ ቤቱና ጫት የሚቃምበት በርጫ ቤቱ የሚሞሉት በዚያ ሰዓት ነው፤ ሰው ተጠጋግቶ ለረጅም ሰዓት በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ሲጋራ የለኮሰ አንድ ደንበኛ ሌሎቹ ሁሉ የሚተነፍሱትን አየር ይወስንላቸዋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ቤታቸውን በእውነት ከጭስ ነፃ ማድረግ ለሚፈልጉ የድሬዳዋ ባለ ንግድ ቤቶች ሲሆን፣ በሐረርም በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሊገለገሉበት ይችላሉ። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው፣ ከወረቀቱ ሥር ግን መተርኮሻ የተቀመጠባቸው ቤቶች በከተማችን ጥቂት አይደሉም። በእኔ እምነት ቤትን ከጭስ ነፃ አድርጎ የሚያቆየው ባለቤቱ ከአስተናጋጆቹ ጋር የሚገባው ስምምነት ነው፤ ስለዚህ ከሚከተሉት እርምጃዎች መካከል ሠራተኛን የሚመለከተውን በተለይ ረጋ ብለው እንዲያነቡት እጠይቃለሁ።

በኢትዮጵያ የሚያጨሰው ሰው ቁጥር ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። በዚያው ጥናት ላይ ግን በቤት ውስጥ ከሚሠሩ ሰዎች 29.3 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ቦታቸው ለትምባሆ ጭስ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። በሌላ አነጋገር፣ ራሱ የማያጨስ ነገር ግን በሌላ ሰው ጭስ ደባል አጫሽ የሆነ ሠራተኛ በየቤቱ አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትምባሆ በዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚገድል ሲገልጽ፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ራሳቸው የማያጨሱ ናቸው። ከሌሎች ሰዎች ጭስ ጋር አብሮ መኖር ወይም መሥራት የልብ ሕመምንም ሆነ የሳንባ ካንሰርን ዕድል ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል።

አንደኛ፦ ሕጉ የሚለውን በትክክል ይወቁ

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዋናው ሕግ ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። አዋጁ በማንኛውም ሕዝብ በሚገለገልበት ቤትና በማንኛውም የሥራ ቦታ ውስጥ፣ እንዲሁም በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ባጃጅም ሆነ ባቡር ከዚህ ውጪ አይደለም። ክልከላው በግድግዳ አያበቃም፤ ከሕዝብ መገልገያው ወይም ከሥራ ቦታው በር፣ መስኮትና አየር ማስገቢያ እስከ 10 ሜትር ድረስ ባለው ርቀትም ማጨስ አይፈቀድም። ትምባሆን ማስተዋወቅ የተከለከለ ነው፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም እንደዚሁ።

ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት «የአጫሾች ክፍል» በሚባለው ነገር ላይ ነው። ከጀርባ አንዲት ክፍል ለይቶ ለአጫሾች መስጠት በሌሎች አገሮች የተለመደ ስለነበር እዚህም የሚፈቀድ ይመስላቸዋል። የእኛ አዋጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ቦታ አልሰጠም። የሆቴል መኝታ ክፍልም፣ የበርጫ ክፍልም፣ ለትልልቅ እንግዶች ተብሎ በመጋረጃ የተከለለው ጥግም በጣሪያ ሥር እስካለ ድረስ ያው የሕዝብ መገልገያ ነው። ሺሻን በተመለከተ ደግሞ የሚያስማማ መንገድ መፈለግ ራሱ ትርፍ ድካም ነው፤ ለገበያ ማቅረቡ የተከለከለ ስለሆነ ዕቃውን ከቤትዎ ማውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።

ሁለተኛ፦ ቤትዎን ጭሱ በሚበዛበት ሰዓት ይዙሩት

ዕቅድ ከማውጣትዎ በፊት ቤቱን እንደ እንግዳ ይዩት። ጠዋት ወለሉ ታጥቦ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ሳለ የሚደረግ ጉብኝት ምንም አያሳይም። ከቀትር በኋላ በዘጠኝና በአሥር ሰዓት መካከል፣ ከዚያም ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይዙሩ። መተርኮሻ የት የት እንዳለ፣ የሲጋራ ቁራጭ የት እንደሚወድቅ፣ የአበባ ማስቀመጫና የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሰሃን ለመተርኮሻነት እያገለገሉ እንደሆነ ይመልከቱ። ሲጋራ ከማን እንደሚገዛም ይከታተሉ፤ ከእርስዎ ባንኮኒ ይሁን ከበሩ ላይ ከሚቆመው ሱቅ በደረቴ ይለዩ።

አንድ ሰው በተለይ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። በአብዛኛዎቹ ቤቶቻችን ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ረከቦቷን ዘርግታ የምትቀመጠው ከመግቢያው አጠገብ ነው። «ውጭ አጭሱ» የተባሉ ደንበኞች የሚቆሙትም እዚያው በሩ ላይ ነው። እሷ ተነስታ ልትሄድ አትችልም፤ ከሰሉ በፊቷ ነው፣ ስኒው በፊቷ ነው፣ ደንበኛው ደግሞ እያጨሰ ከራሷ በላይ ቆሞ ያወጋል። ነፍሰ ጡር ብትሆን እንኳ ከዚያች በርጩማ ላይ አትነሳም። በቤቱ ውስጥ ከማንም የበለጠ ጭስ የምትተነፍሰው እሷ ሆና ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ «ውስጥ አይጨስም» የሚለው ደንብ የሚያስታውሳት አይደለችም። የ10 ሜትሩ ርቀት ለምን በሕግ እንደገባ ለመረዳት እሷ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል መቀመጥ ይበቃል።

ሦስተኛ፦ በቬንትሌተርና በኤርኮንዲሽነር አይተማመኑ

ይህ ለድሬዳዋ የተለየ ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለከተዋለሁ። በሙቀታችን ምክንያት ቬንትሌተር የሌለው ቤት የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም «ንፋሱ ይወስደዋል» የሚለው መልስ ከሁሉም ባለቤት አፍ ይሰማል። የጣሪያ ቬንትሌተር ግን አየርን ከክፍሉ አያስወጣም። የሚያደርገው በክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር ማዟዟር ነው፤ ስለሆነም በአንድ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ጭስ ለሁሉም ጠረጴዛ እኩል ያከፋፍለዋል። ጭሱ በዓይን የማይታየው ስለሳሳ ነው እንጂ ከክፍሉ ስለወጣ አይደለም።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤርኮንዲሽነር ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። በብዙ ቤቶች ያለው ዓይነት አንዱ ክፍሉ ውስጥ፣ ሌላው ውጭ የሚገጠም ሲሆን በመካከላቸው የሚመላለሰው የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም፤ ያንኑ የክፍሉን አየር እየሳበ፣ እያቀዘቀዘ መልሶ ይተፋዋል። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ተብሎም በርና መስኮት ይዘጋል። በዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ካጨሰ ጭሱ ለሰዓታት እዚያው ይቆያል። ማጣሪያ ወንፊቱም የተሠራው ለአቧራ ነው፤ የትምባሆ ጭስ ብናኝ እጅግ ደቃቅ፣ ከፊሉም ጋዝ ስለሆነ በወንፊቱ ውስጥ ያልፋል።

ይህንን የጤና ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም የሚሉት። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተላለፊያ መሐንዲሶች ማኅበር በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው አቋም በቤት ውስጥ የሚጨስ ትምባሆ የሚያስከትለውን የጤና አደጋ ለማስቀረት ያለው አማራጭ ማጨሱን መከልከል ብቻ እንደሆነ ገልጿል። ሥራቸውና እንጀራቸው የአየር ማስተላለፊያ መሣሪያ መንደፍ የሆነ ሰዎች «መሣሪያችን ለዚህ አይበቃም» ካሉ፣ ባለቤቱ ለተጨማሪ ቬንትሌተር ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ለውጭ ጥላ ማሠሪያ ቢያደርገው ይሻለዋል።

ዕጣንም በዚሁ ይታያል። የሲጋራን ሽታ ለመሸፈን ዕጣን የሚያጨሱ ቤቶች አሉ፤ ሽታው ይሸፈናል፣ የትምባሆው ጭስ ግን ከነመርዙ አለ።

አራተኛ፦ የማጨሻ ዕቃዎችን በሙሉ ከቤት ያውጡ

መተርኮሻ ጠረጴዛ ላይ እስካለ ድረስ ደንበኛው የሚያነበው መተርኮሻውን እንጂ ግድግዳ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይደለም። ስለዚህ መተርኮሻዎቹን ሰብስቦ ዕቃ ቤት ማስቀመጥ አይበቃም፤ ጨርሰው ከቤቱ ይውጡ። ዕቃ ቤት ያለ መተርኮሻ «ለዛሬ ብቻ» የሚባል ደንበኛ ሲመጣ ተመልሶ ይወጣል። ባንኮኒ ላይ በክር የታሰረው ላይተርም ይነሳ። ሲጋራ የሚሸጡ ከሆነ መሸጡን ይተዉ፤ በተለይ በፍሬ መሸጥን። በፍሬ የተገዛ ሲጋራ ወደ ቤት ተይዞ አይሄድም፤ እዚያው የተገዛበት ቦታ ይለኮሳል። ለወጣት ኪስም የሚመቸው እሱ ነው። ሱቅ በደረቴ ከሚይዙት ልጆች ጋር ደግሞ በክፉ ቃል ሳይሆን በስምምነት ይነጋገሩ፤ ማስቲካውን፣ ሶፍቱንና ለውዙን በበሩ ላይ እንዲሸጡ፣ ሲጋራውን ግን ወደ ቤቱ ይዘው እንዳይገቡ መስማማት ይቻላል።

የትምባሆ ጭስ በጨርቅ፣ በፍራሽና በቀለም ላይ ይጣበቃል። መጋረጃው፣ የመከዳው ልብስና ምንጣፉ ይታጠቡ፤ ወደ ቢጫነት ያዘነበለው ግድግዳ ይቀባ። ይህ ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የሲጋራ ሽታ ባለበት ቤት አዲስ የመጣ ደንበኛ ሳይጠይቅ ይለኩሳል፣ ንጹሕ በሚሸት ቤት ግን አስቀድሞ «ይቻላል?» ብሎ ይጠይቃል። በሐረር በባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩና የሚያስተናግዱ ቤተሰቦች ይህንን በይበልጥ ያስቡበት፤ ነደባ በሚባለው ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍና በግድግዳው ላይ የተደረደረው ስፌት የጭስ ሽታ አንዴ ከያዘው በቀላሉ አይለቅም።

አምስተኛ፦ አሥር ሜትሩን በገመድ ይለኩት

አሥር ሜትር በዓይን ሲገመት ሁልጊዜ ያጥራል። 10 ሜትር የሆነ ሲባጎ ቆርጠው ከእያንዳንዱ በርና ከሚከፈት መስኮት ሁሉ ይለኩ፤ የኩሽናውን መስኮትና የጓሮ በሩን አይርሱ። በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ሰፋፊ ግቢ ያላቸውና መንገዱ በዛፍ የተሸፈነላቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ ከአሥሩ ሜትር ውጪ አንድ የጥላ ቦታ አያጡም። ግቢው ከተገኘ ሁለት ነገር ይጠበቅ፤ ቦታው ጎኑ ክፍት ይሁን፣ አስተናጋጅም ወደዚያ ምግብና መጠጥ አያመላልስ። መስተንግዶ የተጀመረበት የማጨሻ ቦታ ውሎ አድሮ ሁለተኛ አዳራሽ ይሆንና ሠራተኛው ተመልሶ ጭሱ ውስጥ ይገባል። አጫሹ ወጥቶ አጭሶ ወደ ቡናው ይመለስ። ትምህርት ቤት፣ ጤና ተቋምና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን በግቢው ውስጥም ማጨስ ስለማይፈቀድ ይህ አማራጭ አይሠራም።

በመጋላ ሰፈር ነገሩ ይለያል። መንገዱ ጠባብ፣ ሱቅ ከሱቅ የተያያዘ ስለሆነ ከእርስዎ በር አሥር ሜትር ሲለኩ የጎረቤትዎ በር ላይ ይደርሳሉ። በሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ ይህ በይበልጥ ይታያል፤ በአምስቱ በሮች መካከል ባለው የተጠላለፈ ጠባብ መንገድ ላይ ገመዱን ቢዘረጉ ከሦስትና ከአራት ሰው መስኮት ሥር ያልፋል። እንዲህ ባለ ቦታ ብቻውን የሚከለክል ባለ ንግድ ጭሱን ወደ ጎረቤቱ መግፋቱ አይቀርም፤ ጎረቤቱም በነጋታው ይመልስለታል። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ባለ ንግዶች በአንድነት ይነጋገሩ። በዕድር ወይም አፎሻ በሚባለው የመረዳጃ ማኅበር የሚገናኙ ሰዎች ስለሆኑ ሌላ ስብሰባ መጥራት አያስፈልጋቸውም፤ መንገዱን በሙሉ ከጭስ ነፃ አድርገው ቢስማሙ ደንበኛ «ከጎን እሄዳለሁ» የሚልበት ምክንያትም ይጠፋል።

ስድስተኛ፦ ከሠራተኞች ጋር ስምምነት ያድርጉ

ቤቱ ከሚከፈትበት ሰዓት ቀደም ብለው ሠራተኛውን በሙሉ ይሰብስቡ፤ አስተናጋጅ፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ቡና የምታፈላው፣ ሁሉም ይገኙ። ደንቡን ከመንገርዎ በፊት የሚፈሩትን ይጠይቋቸው። አስተናጋጅ የሚፈራው ጉርሻውን ማጣትና በደንበኛ መሰደብን ነው፤ ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ደንበኛው ወደ ባለቤቱ ሄዶ ሲከስስ ባለቤቱ «ተወው፣ ያጭስ» ብሎ በሰው ፊት እንዳያዋርደው ይፈራል። ለዚህ መልስ ሳይሰጡ ሠራተኛን «ተቆጣጠር» ማለት ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ በሁሉም ፊት ቃል ይግቡ፦ ደንቡን አክብሮ የተናገረ ሠራተኛ በደንበኛ ክስ ምክንያት አይወቀስም፣ ከደመወዙም አይቆረጥም። ቃልዎንም ይጠብቁ።

ቀጥሎ ሰዓቱን ያስተካክሉ። ሲጋራ ከተለኮሰ በኋላ «አጥፋ» ማለት ከባድ ነው፤ ሰውየው ገንዘብ አውጥቶበታል፣ ጓደኞቹም እያዩት ነው። ሲጋራው ከፓኮው ወጥቶ ገና ጣት መካከል ሳለ ግን ነገሩ ቀላል ነው። አስተናጋጁ ፓኮ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያየ እንደሆነ ትእዛዝ ሲቀበል አብሮ ይናገር። ለአባት የሚሆን ሰው ከሆነ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እዚህ ውስጥ ማጨስ ቀርቷል። ሲፈልጉ ከዛፉ ሥር ጥላ አለ፤ ቡናዎትን እጠብቅልዎታለሁ» ይበል። ለእኩያው ደግሞ «አቦ ወንድሜ፣ ውስጥ አይጨስም፤ ውጭ ጨርሰህ ና፣ ቦታህን ማንም አይወስድብህም» ቢል ይበቃል። ሁለቱም ላይ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ ደንበኛው ቦታውንና ክብሩን እንደማያጣ ተነግሮታል። ስለ ካንሰር ማስተማር፣ መገሠጽ፣ በሰው ፊት ጮክ ብሎ መናገር የአስተናጋጅ ሥራ አይደለም፤ ጠብ የሚያመጣውም እሱ ነው።

እንቢ ቢልስ? አስተናጋጁ አይከራከር፤ ኃላፊውን ይጥራ። ኃላፊው ያንኑ ቃል በትሕትና ይድገም። አሁንም ካላጠፋ ለዚያ ጠረጴዛ መስተንግዶ ይቁም፣ ሒሳቡ ይቅረብ። ከዚያ የከፋ ከመጣ ጉዳዩ የጥበቃና የፖሊስ ይሆናል፤ ሆኖም በተረጋጋ አንደበት ከተያዘ እዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሠራተኞቹ ይህን ቅደም ተከተል እርስ በርስ እየተጫወቱ፣ አንዱ ደንበኛ ሌላው አስተናጋጅ ሆነው ይለማመዱት። አፋቸው ሲለምድ ፍርሃቱም ይቀንሳል።

ደንቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው በማያውቁት ደንበኛ እጅ አይደለም። የሚፈርሰው በባለቤቱ ጓደኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማታ ማታ የሚመጣው የድሮ ወዳጅ፣ ቤቱን ያከራየው ሰው ወይም አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ሲለኩስ አስተናጋጁ ወደ ባለቤቱ ዓይን ያያል። ባለቤቱ ዞር ካለ ደንቡ በዚያች ቅጽበት አበቃለት፤ ከዚያ በኋላ ያ አስተናጋጅ ማንንም «አታጭስ» አይልም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለወዳጆችዎ በግል፣ በስልክ ወይም ቤታቸው ሄደው እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። ራስዎ የሚያጨሱ ከሆነም ከሁሉ ቀድመው ከአሥሩ ሜትር ውጪ መገኘት ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ሰባተኛ፦ በርጫ ቤት ከሆነ

ጫትና ሲጋራ በአገራችን፣ በተለይም በምሥራቁ ክፍል፣ ከተጋቡ ቆይተዋል። በሌላ ጊዜ ሲጋራ የማይነኩ፣ በርጫ ላይ ሲቀመጡ ብቻ የሚያጨሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ክፍሉ ደግሞ ለጭስ የተመቸ ነው፤ መጋረጃው የወረደ፣ በሩ የተዘጋ፣ ፍራሽ በፍራሽ ላይ የተነጠፈ፣ ሰዉ ለአራትና ለአምስት ሰዓት ከቦታው የማይነሳ። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ዓይነት ቤት አስቸጋሪው ይህ ነው፤ አስፈላጊነቱም የዚያኑ ያህል ነው፤ ምክንያቱም የማያጨሰው ቃሚ ያንን ያህል ሰዓት በዚያ ክፍል ውስጥ ያሳልፋል፣ ውኃና ሻይ የሚያመላልሰው ልጅ ደግሞ በየቀኑ እዚያ ነው።

የሰዓት ጉዳይ እዚህ ላይ ከምንም በላይ ይወስናል። ምርቃና የያዘው ሰው መነሳትም፣ መከራከርም፣ አዲስ ደንብ መስማትም አይፈልግም። ስለዚህ ደንቡ የሚነገረው ጫማ በሚወለቅበት በሩ ላይ፣ ጫቱ ገና ሳይፈታ ነው። ከተቀመጡ በኋላ የሚነገር ደንብ ጠብ ነው የሚያተርፈው። የዘወትር ተቀማጮች በሚታወቁበት ቤት ከመካከላቸው የሚከበረውን ሰው አስቀድሞ ማማከር ይጠቅማል፤ ቃሉ ከባለቤቱ ቃል ይልቅ ይሰማል፣ ጀማው በራሱ ደንቡን ይጠብቃል።

አፍና እጅ የሚይዝ ነገር ይቅረብ፤ ለውዝ፣ ማስቲካ፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሻይ። የማጨስ ጉጉት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚያልፍ ማዕበል ስለሆነ ያንን ጊዜ ማሳለፊያ ማግኘት ይረዳል። መስኮቱ ይከፈት፤ ጭስ ሳይኖር ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ ከውጭ ሲገባ ክፍሉ ከወትሮው ቀዝቀዝ እንደሚል ተቀማጮቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። በጓሮ ክፍት ዳስ መሥራት የሚችል ቤት፣ ከአሥሩ ሜትር ውጪ ከሆነ፣ ለአጫሹ መውጫ ይሆነዋል። ቦታ ከሌለ ግን «አንድ ክፍል ለአጫሾች» ወደሚለው ሐሳብ አይመለሱ፤ ሕጉም አይፈቅድም፣ በመጋረጃ የተለየ ክፍልም ጭስ አያቆምም።

ስምንተኛ፦ ቀን ቆርጠው ይጀምሩ፣ ምልክቱንም ያን ጊዜ ይስቀሉ

ምልክቱ ከላይ ያሉት ሁሉ ከተዘጋጁ በኋላ ይሰቀል። በመግቢያው በር ላይ በዓይን ትክክል፣ በየክፍሉና በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይም ይኑር። ጽሑፉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሁን፤ በሐረር ከሆነ ሐረሪኛ ይጨመር። «እዚህ ቤት ውስጥና ከበሩ እስከ 10 ሜትር ድረስ ሲጋራም ሆነ ሺሻ ማጨስ በሕግ የተከለከለ ነው» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ የተሰረዘ ሲጋራ ምስል ያለበት፣ ማንበብ ለሚችለውም ለማይችለውም ያገለግላል።

የመጀመሪያውን ቀን በተመለከተ ለእኛ ከተማ የሚስማማው ረመዳን ይመስለኛል። ጾመኛው ቀኑን ሙሉ ሳያጨስ ይውላል፤ ብዙ ቤቶችም ቀን ላይ ሥራቸው ስለሚቀንስ መጋረጃ ለማጠብ፣ ግድግዳ ለመቀባትና ሠራተኛ ለማሰልጠን ጊዜ ይገኛል። ከዒድ በኋላ ደንበኛው ሲመለስ ቤቱ ተለውጦ ያገኘዋል፤ ለውጡን ከበዓሉ ዕድሳት ጋር አብሮ ይቀበለዋል። ረመዳን ሩቅ ከሆነ ግንቦት 23 ቀን በየዓመቱ የሚከበረው የዓለም ትምባሆ የማይጨስበት ቀን አለ። ያኔ ግን ሙቀታችን የሚበረታበት ወቅት በመሆኑ የውጭው ጥላ አስቀድሞ መሠራት አለበት፤ በፀሐይ ላይ «ውጣ» የተባለ ሰው አይወጣም።

ገበያ ይቀንስብኛል የሚለው ስጋት ከልብ የሚነሳ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም አየርላንድ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የሥራ ቦታዎችን ሁሉ፣ መጠጥ ቤቶችንም ጨምሮ፣ በአገር ደረጃ ከጭስ ነፃ በማድረግ ቀዳሚ ከሆነች ወዲህ ነገሩ በብዙ አገሮች ተጠንቷል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ጥናቶቹን መርምሮ እንዲህ ያለው ሕግ የምግብና የመጠጥ ቤቶችን ገቢ እንደማይጎዳ ደምድሟል። አንድ ቤት ብቻውን ሲጀምር ጥቂት አጫሾች ሊቀሩበት ይችላሉ፤ በአንጻሩ ልጆቹን ይዞ ምሳ ለመብላት የሚመጣ ቤተሰብ ያገኛል።

ዘጠነኛ፦ የመጀመሪያዎቹን ወራት በመዝገብ ይከታተሉ

ገንዘብ መቀበያው አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ማን እንዳጨሰ አይጻፍበት፤ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተብሎ እንዴት እንዳለቀ ብቻ ይጻፍ። በሳምንቱ መጨረሻ ሲነበብ ችግሩ በየቦታው ተበትኖ እንደማይገኝ ይታያል፤ አንድ ጥግ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ የመጸዳጃ ቤት ኮሪደር ላይ ተከማችቶ ይገኛል። መፍትሔውም ያንኑ ቦታ ማየት ነው፤ የጠረጴዛ ቦታ መቀየር፣ አምፖል መጨመር፣ አስተናጋጅ ማዛወር። የጤና ተቆጣጣሪ ለጉብኝት ሲመጣም ደብተሩ ቤቱ ሥራውን በቁም ነገር እንደያዘ ያሳያል። ከአቅም በላይ የሆነ ጉዳይ፣ ለምሳሌ በአጠገብዎ ሺሻ የሚያስጨስ ቤት ሲኖር፣ ለአስተዳደሩ የጤና ተቆጣጣሪዎች ወይም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።

ከሠራተኞችዎ መካከል የሚያጨስ ካለ እንደ ጥፋተኛ አይዩት። ቤቱ ከጭስ ነፃ ሲሆን ብዙ ጊዜ ለመተው የሚያስበው እሱ ነው፤ መተርኮሻ የማያይበትና ጭስ የማያሸትበት የሥራ ቀን ውሳኔውን ያግዘዋል። ካቆመ ከ12 ሰዓት በኋላ በደሙ ውስጥ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ወደ ጤናማው ደረጃ እንደሚመለስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ በማጨስ ምክንያት የመጣበት የልብ ሕመም ስጋት በግማሽ እንደሚቀንስ ይንገሩት። በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባለሙያ እንዲያነጋግር ግማሽ ቀን ፈቃድ ይስጡት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጡና እንቅልፍ የለሽ ሊያደርጉት ስለሚችሉ በዚያ ሳምንት የማታውን ፈረቃና የበርጫውን ክፍል ለሌላ ሰው ይስጡለት፤ ተመልሶ ካጨሰም ሌላ ቀን እንዲቆርጥ ያበረታቱት፤ ብዙዎች ለመጨረሻ ጊዜ ያቆሙት ከአንድ በላይ ሙከራ አድርገው ነው።